የኔአለምና ዓይነ ትልቁ ዳይኖሰር

የኔአለም አምበር በምትባለው ትንሽ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዓይኗ ከዳር ከዳር መጥፋት የጀመረው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ያያት ሐኪም «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየው» አላት። ጠብታውን አላቋረጠችም፤ ጸበልም ተጠመቀች። ያም ሆኖ ዘንድሮ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የቀራት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነው።

ለትምህርት ቤቱ ትንፍሽ አላለችም። ከክፍል መውጣት ለእሷ ሞት ነው። መጽሐፉን በቃሏ ይዛ፣ ተማሪዎቿን በድምፃቸው ለይታ ታስተምራለች፤ ፈተናውን ባሏ ሙላት እቤት እያነበበላት ታርማለች።

አንድ ቀን ስለ ጠፉ እንስሳት ልታስተምር፣ ዓይኗ ደህና ሳለ የሣለችውን ቻርት ይዛ ገባችና ዜማ የምትባል ተማሪዋን «ስቀይልኝ» አለቻት።

«ይህ ትንሽ ዳይኖሰር ነው፤ ቅጠል በል» ብላ ጀመረች። «በዚያን ዘመን አውስትራሊያ ለደቡብ ዋልታ ቅርብ ነበረች። ብርዱ ሲገባ ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። በጨለማ የሚያይበትን ዓይኑን እዩት፣ ትልቅነቱን!» በዱላዋ ነጣ ወዳለው ነገር ጠቆመች።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ተከተሉት።

«ቲቸር፣» አለች ዜማ ቀስ ብላ፣ «እሱ መስኮቱ ነው። ሥዕሉ በግራዎ ነው።»

የኔአለም እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ዳበሰች። ቻርቱን አጣችው። ሳቁ በአንዴ ቆመ።

«አላይም» አለች። «ፊታችሁን ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኋላ ዜማ «ፀሐይ ካልወጣች ቅጠሉን ከየት ያገኛል?» ስትል ጠየቀች።

«ያገኘውን ይበላ ይሆናል፤ የደረቀውንም። እርግጡን የሚያውቅ የለም» አለች የኔአለም። እስከ ደወሉ ድረስ አስተማረች።

ወሬው ሳይቀድማት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ አቶ ምስጋናው ቢሮ ሄደች። ሁሉንም ነገረችው።

«ለምን ደበቅሽን?»

«ባልደብቅ ምን ልታደርጉኝ ነበር?»

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። «ስለ ዓይንሽ ማመልከቻ ጻፊና ለወረዳው እንልካለን፤ እነሱ ይወስኑ። ከነገ ጀምሮ ግን ክፍል አትግቢ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ጽፎ አነበበላት። ከዚያ ጣቷን ይዞ የምትፈርምበትን ቦታ አሳያት።