የሚጣለው የፊልም ጫፍ

ዓይኔ ሊጠፋ ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ያነሳውን ፊልም በየካርቶኑ አጭቆ፣ ፎቶ ቤቱን ከነአቧራው አስረከበኝ። እኔ ቁርጥራጩን ነጋቲቭ ስካነር ላይ እዘረጋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ይመልሰዋል፣ ከዚያ የአንድ ጥቅል ፊልም ፎቶዎች በሙሉ በጥፍር ልክ አንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው ይወጣሉ። ኮንታክት ይባላል። ጥራት የለውም፤ ጥቅሙ ምን የት እንዳለ ቶሎ ማየት ነው። ቶሎ ማለት እንግዲህ ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ ነው።

የምፈልገው እናቴን ነው። አባዬ መርሳት ጀምሯል። በቀደም አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ "ልጄ፣ የእናትሽ መልክ ጠፋብኝ" አለኝ። "ድምጿ አለ፤ ፊቷ ግን እምቢ አለኝ።" ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና አንድ ደህና ፎቶ የላትም! የመታወቂያዋን እንኳ እርጥበት በልቶት ሰው አይመስልም። የሰው ሰርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ምረቃ ሲያነሳ ኖረ። እሷ "እኔንም አንሳኝ እንጂ" ስትለው፣ "ፊልሙ የደንበኛ ነው፤ ነገ" ይላታል። ነገ ሳይመጣ ሞተች። ለዚህ ነገር ይቅር አላልኩትም፤ ምን ልዋሽ።

ታናሽ እህቴ በየቀኑ ትደውላለች።

"እትዬ፣ አገኘሻት?"

"ሙሽራ አገኘሁ። የሙሽራ መዓት ልላክልሽ?"

"ቀልዱን ተይና!"

"መጥተሽ አትፈልጊም ታዲያ? የኔ ዓይን የብረት ነው?" ብዬ ዘጋሁባት። ወዲያው አሳዘነችኝ፤ እሷም እናቷን ነው የምትፈልገው።

ዛሬ ከሰዓት ኮምፒውተሩ ተንገራግጮ ቆመ። አጥፍቼ ሳበራው ያዘዝኩትን ሁሉ ረስቷል። አንተም ጀመርክ እንዴ፣ አልኩት።

ካዘዝኩት አንዱ የየፊልሙን የመጀመሪያ ፎቶ እንዲዘል ነበር። ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉን ብርሃን ያገኘዋል። ስለዚህ ወደ ደህናው ለመድረስ ዝም ብሎ አንድ ሁለቴ ይነሳል፤ ያቺ ፎቶ ግማሿ ተቃጥሎ ነጭ ትሆናለች። "እሷ አትቆጠርም፤ ዝለያት" ብሎ ያስተማረኝ ራሱ አባዬ ነው። ዛሬ ከድካሜ ብዛት መልሼ ማዘዙን ዘነጋሁት።

ወረቀቱ ሲወጣ ተበላሸ ብዬ ልቀደው ነበር። ጥግ ላይ፣ ከተቃጠለው አጠገብ፣ እናቴ ቁጭ ብላለች።

"ወይኔ እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

የዘለልኳቸውን ሁሉ እንደገና አወጣኋቸው። ባንኮኒው ጋ ቁልፍ ስትተክል፣ ስታዛጋ፣ እህቴን አርግዛ፣ ፀጉሯ ሸብቶ። ለካ ፊልም በቀየረ ቁጥር ካሜራውን ወደ እሷ እያዞረ ነበር የሚጫነው። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። ለሚስቱ የተረፋት የሚጣለው ጫፍ ነው? ግን ሌላ ፎቶ አንሺ ቆርጦ የሚጥለውን ጫፍ እሱ አንዱንም አልቆረጠም።

እነሱን ብቻ አንድ ወረቀት ላይ ደርድሬ ቤት ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አየ። እኔ የሱን ፊት አያለሁ፤ ካላወቃት ምን ልሆን ነው? ቆይቶ ጣቱን ከሁሉም የባሰችው ላይ አሳረፈ።

"ይቺን አሳድገሽ አትሚልኝ።"

"አባዬ፣ እሷ እኮ ግማሽ ፊቷ የለም። ይቺኛዋ አትሻልም?"

"ግማሹ ይበቃኛል። የቀረው መጣልኝ" አለ። በጣቱ ነጩ ላይ ዓይኗን፣ ጉንጯን ሣለ። ቅንድቧ የሚሆንበት ጋ ሲደርስ ቆመ። "እዚህ ጋ ጠባሳ አለቻት። ልጅ ሆና በር መቷት።"

እውነቱን ነው። ጠባሳ ነበራት። እኔ ረስቼው ነበር።