የገንዳው ሞተር

ዑመር የወሎ ልጅ ነው። አዋሽ የመጣው በድርቁ ዓመት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሥራንም እዚያው ባቡር ጣቢያው ጋራዥ ውስጥ፣ እጁን እያስነዘረ ለመደው። ደርግ እርሻዎቹን ከወረሰ በኋላ በአንድ የመንግሥት እርሻ እንግዳ ማረፊያ ተቀጠረ። ማረፊያው የመዋኛ ገንዳ ነበረው። ገንዳውም፣ ወጥ ቤቱም፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ትንሽ ክሊኒክም የሚሠሩት በአንድ ጄኔሬተር ነው።

የገንዳው ፓምፕ ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ከአዲስ አበባ ምትክ ተላከ። ዑመር ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠርጎ ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። የድሮው ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ነበር፤ ይኼኛው ባለ ሦስት።

የማረፊያው ኃላፊ አትክልት ግን ደስ አለው።

"ጎሽ! ጠንካራ ነው። ሐሙስ ጓዶች ይመጣሉ፤ ውሃው ወለሉ እስኪታይ መጥራት አለበት።"

"ጓድ አትክልት፣ ይኼ የተጻፈው ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከጄኔሬተሩ የሚስበው ከዚያም ይበልጣል። ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጎትታል። የወጥ ቤቱ ምድጃ በርቶ ይኼን ብናስነሳው ጄኔሬተሩ አይችልም።"

"ታዲያ ክሊኒኩን ቁረጠዋ!"

"ክሊኒኩማ የሚወስደው ኢምንት ነው፤ ቢቆረጥም አያድነንም። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ ክትባት አለ።"

አትክልት ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ለስብሰባ ተጠርቶ እንደወጣ ቀርቷል። በመጨረሻ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት፣ ምድጃው ሳይበራ ብቻ እንዲነሳ ተስማሙ።

ዑመር ይህንኑ ለጤና ረዳቷ ለአስረሳሽ ነገራት።

"አደራህን" አለችው፤ "ኩፍኝ ገብቷል። ዓርብ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከየበረሃው ይመጣሉ።"

"ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም።"

ሐሙስ ዕለት እንግዶቹ ከተባለው ሰዓት ቀድመው ከተፍ አሉ። ዑመር ነዳጅ ሊያስቀዳ ወጥቷል። ለምሳ በግ ይጠበሳል፣ ምድጃው ሁሉ ግሏል። አንደኛው እንግዳ ገንዳው ዳር ቆሞ "ይኼ ውሃ ነው ወይስ የጎመን ወጥ?" ቢል አትክልት ሮጦ ማብሪያውን ተጫነው። ሞተሩ አጓራ። ጄኔሬተሩ ተንፈራገጠ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ዑመር ሲመለስ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ከበር ተቀበለው። አስረሳሽ ጣቢያው ቡና ቤት ሄዳ በረዶ ለምና፣ የቻለችውን ያህል ብልቃጥ በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አትርፋ ነበር። የቀረውን የአዋሽ ሙቀት በላው።

"ይኼ አሻጥር ነው!" አለ እንግዳው። "ማነው የመብራት ሠራተኛው?"

አትክልት መሬት መሬቱን አየ። ዑመርን አብዮት ጠባቂዎች እየገፈተሩ ወደ ቀበሌ ወሰዱት።

እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የፈረስ ጉልበቱን ነገር ለማን ያስረዳል? ማንስ ይሰማዋል? ሚስቱ ኡሙሀኒ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። "ያ ረቢ፣ ለሷ ስትል" እያለ ዱዓ አደረገ።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። ከቀበሌው ሊቀመንበር ጎን አትክልት ቆሟል።

"ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ" አለ። "እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር።"

"ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?" አለው ሊቀመንበሩ።

"አውቃለሁ።"

ዑመር ከወለሉ ተነሳ። እሱ ሲወጣ አትክልት ገባ።

ምን እንደደረሰ የነገረችው አስረሳሽ ናት። ዓርብ ጠዋት የተረፈው ክትባት ሲያልቅ አትክልትን ከቢሮው ጠርታ "በል፣ የቀሩትን አንተው መልሳቸው" ብላ የእናቶቹ ሰልፍ ፊት አቆመችው። ያልደረሳት አንዲት የአፋር እናት ልጇን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የመጣችበትን መንገድ ይዛ ሄደች። አትክልትም ወደ ቢሮው አልተመለሰም፤ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደ።

ዑመር ጄኔሬተሩን ጠግኖ መጀመሪያ የክሊኒኩን መስመር ቀጠለ። ሌላ ክትባት ሲመጣ ከተመለሱት እናቶች ብዙዎቹ መጡ፤ ሁሉም ግን አልመጡም። አትክልትን ከቀበሌ በመኪና ጭነው ወሰዱት ተባለ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። የአትክልት ሚስት ንጋትወርቅ ዑመርን ገበያ ላይ ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞርበታለች። እሱም አልተቀየማትም፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።