የአባት ስም

በእኛ አገር እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አይታለልም ተብሎ ይታመናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሶዶ ያስተማርኩት እኔ ይስሐቅ ግን ተታለልኩ፤ ብቻዬንም አይደለም። ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ይባላል። እኔ ደግሞ በሩን ከፍቼ፣ ጸሎትም አድርጌ ነው ያዘረፍኩት።

የተወለድኩት ገሱባ አጠገብ ነው። ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት በቡና የሸፈኑት አቶ ኤርካሎ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ቡናውን ነቅሎ በቆሎ ሲዘራ እሳቸው እምቢ አሉ፤ ችግኝ እያፈሉም ለሳቁባቸው ሰዎች አደሉ። ሲሞቱ ዳገቱም ቡናውም በስማቸው ቀረ። ገበያ ላይ «የኤርካሎ ነው» ከተባለ ገዢ አይከራከርም። እኛ ግን ያደግነው የቡናውን ቅጠል አፍልተን እየጠጣን ነው፤ ፍሬው ለገበያ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ሀብታሙ የሚባል ሰው ከአንድ ትልቅ የቡና ኩባንያ ተልኮ መጣ። የኤርካሎ ልጅ ጋሽ አንጁሎ በግ አርደው ተቀበሉት፤ እኔንም እንዳስተረጉም ከሶዶ አስጠሩኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘጠኝ ገጽ። ሀብታሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት «መምህር፣ በጸሎት ይክፈቱልን» ሲለኝ የሁላችንም ልብ ቀለጠ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝና ጸሎት ሲሰጡኝ አላሳጥርም። በእኛ ዘንድ በጸሎት የተከፈተን ነገር ከአሜን በኋላ መመርመር እግዚአብሔርን እንደ መጠርጠር ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ተረጎምኩ፤ ፎቶ ስለ ማንሳትና ቡናውን በውጭ ስለ ማስተዋወቅ ይላል። የቀረውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ «ያው ነው» አልኩ። ጋሽ አንጁሎ ፈረሙ።

ዘንድሮ የዳገቱ አርባ አባወራ ማኅበር አቋቁሞ ቡናውን ራሱ ሊልክ ተነሣ። ከውጭ አንድ ገዢ ተገኘ፤ የሚገዛው ግን በስሙ ከመጣለት ብቻ ነው። ጆንያው ላይ «ኤርካሎ» ተብሎ ታተመ። ጋሽ አንጁሎ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ አይቻለሁ። በወሩ ከኩባንያው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክታችን ነውና አትጠቀሙበት የሚል። ገዢው ክስ ፈርቶ ሸሸ። ቡናው መጋዘን ውስጥ ቀረ።

ወረቀቱን ሶዶ ወዳለች ማክዳ ወደምትባል ጠበቃ ወሰድኩት። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቤተሰቡ ስሙን ለኩባንያው አሳልፎ እንደ ሰጠ እዚያ ተጽፏል። ይህን ማን ተረጎመላቸው ብላ ጠየቀችኝ። አንድ አስተማሪ ነው አልኳት። እንዲህ ያለው አስተማሪ ምን እንደሚገባው ነገረችኝ። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሀብታሙ ሌላ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ኩባንያው አዝኖላችሁ በስሙ እንድትጠቀሙ ፈቅዷል አለ፤ ቡናችሁን ግን ለእሱ ብቻ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ትሸጣላችሁ። አባወራው ሁሉ ተሰብስቧል። ሀብታሙ እንደ ልማዱ በጸሎት እንድከፍት ጠየቀኝ። ሰዉ አቀረቀረ። እኔም፣ ይግረማችሁና፣ ተነሥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይስሐቅ፣ መጀመሪያ አንብብ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ዓይኔን ስገልጥ እያዩኝ ነበር። «ሁሉንም አንብብ። እግዚአብሔር አይቸኩልም።»

ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እያነበብኩ በወላይትኛ ተረጎምኩ። በዚህ ጊዜ ያልገባው ሰው የለም። ግን ሌላ ገዢ የለም፤ ቡናውም ዝናቡ ሳይገባ መሸጥ አለበት። ስለዚህ እያወቁ ተሰልፈው ፈረሙ።

ጋሽ አንጁሎ መጨረሻ ላይ መጡ። «አንጁሎ» ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን አነሱ።

«ሀብታሙ ልጄ፣ እዚህ ጋ የአባት ስም ይላል» አሉ። «ልጽፈው ይፈቀድልኛል?»

ሀብታሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። ጸሎቱንም ያስታወሰ የለም።