የጋሼ መገርሳ ሽቦ

መገርሳ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመቱ በደሌ፣ ከበደሌ መቱ እየተመላለሰ የሰውን ዘመድ ሲያገናኝ ኖሮ፣ የገዛ ሚስቱን ከገዛ እህቷ ማገናኘት ግን አቅቶት ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚስቱ ገለኔ አስም አለባት። ሲነሣባት የሚያድናት ሐኪም ያዘዘላት አንድ ትንሽ ማሽን ነው፤ መድኃኒቱን ወደ ጉም ይለውጥና በጭምብል በኩል ወደ ሳንባዋ ይልከዋል። ማሽኑ ያለ መብራት ድንጋይ ነው። መቱ ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። እህቷ ሻሽቱ ያለችበት የዳሪሙ ቀበሌ ግን የመብራት ምሰሶ የሚባል አልደረሰም። አንድ ጊዜ እዚያው ሳለች ተነሥቶባት፣ የአገሬው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ አወጣት። ገለኔ ያን ቀን ሞትን በዓይኗ አይታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከመቱ ንቅንቅ አላለችም። ሻሽቱም ጉልበቷ ከድቷት ከደጇ አትርቅም። ሁለቱ በስልክ ወሬ ይጀምሩና ለቅሶ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ መገርሳ ሾፌርነት በቃኝ ያለ ዕለት አሮጌውን ቅጥቅጥ አውቶቡሱን አልሸጠም። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ አስገባ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ ለምድጃና ለውሃ ቦታ አበጀ። ከአልጋው ሥር ለዚህ የመኪና ቤት ብቻ የሚሆን ትልቅ ባትሪ አስቀመጠ። ባትሪው ለአምፖሉ፣ ለሬዲዮውና ከሁሉ በላይ ለገለኔ ማሽን ነው።

«ይኸውልሽ ቤት» አላት። «ከእንግዲህ በሄድሽበት ሁሉ መብራትሽ አብሮሽ ይሄዳል።»

ገለኔ ውስጡን ዞር ዞር ብላ አየችና «ረዳቱ ማነው?» አለችው።

«አንቺ ነሻ!»

«እንግዲያው እኔ ‹ወራጅ አለ› ስል ትቆማለህ» አለች፤ ሳቁ።

የቀረው ያን ባትሪ በመኪናው ዲናሞ መሙላት ብቻ ነበር፤ ጣጣውም ያለው እሱ ላይ ነው። ቅጥቅጥ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ የሚያስነሡትም አንዱ ከአንዱ የተቀጠሉ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪዎች ናቸው። የቤቱ ባትሪ ግን አሥራ ሁለት ነው፤ ሃያ አራቱን በቀጥታ ቢሰጡት ይቃጠላል። መገርሳ ሉባባን ሊጠይቅ ሄደ። ሉባባ የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቁን ከአባቷ ከታጁዲን የወረሰች፣ ሥራዋን አጥርታ የምታውቅ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ከሃያ አራት ወደ አሥራ ሁለት እያወረደ የሚሞላ ቻርጀር አለ» አለችው። «ከአዲስ አበባ ላስመጣልዎት፤ ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

«ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ብንስበውስ?»

«እሱ ትንሽ ለሚበላ ለቴፕ ነው ጋሼ። ለቤት አይሆንም። አደራዎን እንዳይነኩት።»

መገርሳ አንገቱን ነቀነቀ፣ ወጣ፣ መንገድ ላይ ሳቀ። በዚህ አገር ቴፕ ያስገባ ሾፌር ሁሉ ከሁለቱ አንደኛውን ባትሪ ብቻ ይዞ አሥራ ሁለቱን ሲጠባ ኖሯል። እሱ ራሱ ስንቱን ጀማሪ አስተምሯል! ትናንት አባቷ ትከሻ ላይ የነበረች ልጅ ዛሬ እሱን ባትሪ ልታስተምረው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የመገርሳ ጥምጥም ግን ሃያ ስድስት ዓመት የተጠመጠመ ስለሆነ ለመፍታት አልመቸውም። ቤቱ ገባ፣ ሁለት ክንድ ሽቦ ቆረጠ፣ የቤቱን ባትሪ ከመኪናው ከአንደኛው ባትሪ ጋር አገናኘው። አምፖሉ ቦግ ሲል ለራሱ አጨበጨበ።

ለሙከራ ከመቱ ብዙም ሳይርቁ ኡካ ወደምትባል መንደር ሄደው አንድ ቀን አደሩ። ማታውን ደስ ሲላቸው አመሹ፤ አምፖሉም፣ ሬዲዮውም፣ ውሃ ማሞቂያውም ሠራ። ገለኔ ማሽኗን ሰክታ ጉሙ ሲወጣ ስታይ እንደ ልጅ ሳቀች። «ለሻሽቱ ልደውልላት?» አለች። «ልንመጣ መሆናችንን ልንገራት?»

ጠዋት መገርሳ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንዴ እንኳ አልዞረም። የሠፈሩ ሰው ተጠራርቶ ቁልቁል ገፍቶ አስነሣላቸው እንጂ እዚያው ቀርተው ነበር። ገለኔ ከፊት ወንበር ሆና ጭምብሏን በሁለት እጇ እንደያዘች መቱ ገቡ። ከደጃቸው ሲደርሱ «ይኼ ዳሪሙ ላይ ቢሆንስ?» አለች። «እኔ በቅቶኛል መገርሳ። እህቴን በሰማይ አገኛታለሁ።»

ይህች ቃል አንጀቱን በላችው። ሰው አንጀቱ ሲበላ ደግሞ የሚጮህበት ሰው ይፈልጋል። መገርሳ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን እያስጓራ ሉባባ ሱቅ ደጃፍ ደረሰ። የባትሪዎቹ ሻጭ እሷ ናትና «የሞተ ባትሪ ሸጥሽልኝ!» ብሎ መንገዱን አደበላለቀው። «አባትሽ ቢኖር በሰው ሕይወት አይጫወትም ነበር!» ሻይ የምትሸጠው ጥሩአየሁ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ወጣች፤ ባጃጁን ሊያሠራ የመጣው ሰፍዋንም ቆሞ ያዳምጣል።

ሉባባ ቮልት መለኪያ ቴስተሯን ይዛ ወጣች። አንደኛውን ባትሪ ለካች፤ ሞተሩ እየሠራ እንኳ አሥራ ሁለት አልሞላም። ሌላኛውን ለካች፤ ከአሥራ አምስት በላይ ሆኖ ይፈላል። ጎንበስ ስትል ሁለት ክንድ የምትሆነዋን ሽቦ አየቻት። መገርሳም ሽቦዋን ስታይ አያትና መጮኹን ተወ።

ሉባባ ቀና አለች። ሰዉ ሁሉ አፏን ይጠብቃል።

«ባትሪዎቹ አልተስማሙም ጋሼ» አለች፤ ሰው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ይተዉልኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ሰዉ ሲበተን ብቻ ጠጋ ብላ በለሆሳስ ነገረችው። «ሁለት በሬ ጠምደው አንደኛውን ማታ ማታ ለሌላ እርሻ ቢያውሉት፣ ጠዋት ከጓደኛው እኩል ይስባል? ይሄ ሲራብ ያኛው ከጥጋቡ በላይ ሲያጎርሱት ነው የዋለው። ሁለቱንም ገደሏቸው ጋሼ።»

መገርሳ የሚገባበት ጠፋው። 

በሳምንቱ ቻርጀሩ መጣ። ሉባባ ለመኪናው እኩል የሆኑ ሁለት አዲስ ባትሪዎች ገጠመች፤ የቤቱን በቻርጀሩ በኩል ለብቻው አሠረች። ሞተሩ ሲነሣ ይሞላል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ራሱ ይቆርጣል። «ቤቱ እስከ መጨረሻው ቢጠጣው እንኳ ማስነሻውን አይነካም» አለችው። ለመገርሳ ይህ ሁሉ ገባው። የቸገረው ገለኔ ናት፤ ቅጥቅጡን በመስኮት እንኳ አታየውም።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጠ።

«ተሠራ» አላት።

«ኡካ ላይ ምን ሆኖ ነበር?»

መልሱ ተዘጋጅቶለታል፤ ባትሪዎቹ አልተስማሙም ማለት ብቻ ነው። ከተማው ሁሉ ይመሰክርለታል። መገርሳ አፉን ከፈተ፤ ግን ይህች ሴት ትንፋሿን አምና የምትሰጠው ለእሱ ቃል ነው። እውነቱን ከሰማች ደግሞ ዳሪሙ ቀረ ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሉባባ እንዳትነካው ብላኝ ነበር። በሽቦ ከመኪናው ከአንደኛው ባትሪ ጠለፍኩት። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ሰው ፊት በእሷ ላይ ጮህኩ፤ እሷ ሸፈነችኝ።»

ገለኔ ምስሩን መልቀም አቆመች።  መገርሳ መሬት መሬቱን ያያል።

«እኔን ያስፈራኝ መኪናው ነበር» አለች። «ምን እንደ ነካው የማይታወቅ ነገር መስሎኝ። ለካ አንተ ነህ!»

«እኔው ነኝ።»

«አንተንማ አርባ ዓመት ለምጄሃለሁ።» ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። «ሉባባ በእጇ እንደሠራችው ሆኖ ይቀራል? አንድ ሽቦ አትጨምርበትም?»

«አንድም!»

«ማልልኝ።»

ማለላት። እንደዚያ ቀን አምላኩን አመስግኖ አያውቅም።

በኖፓ በኩል አድርገው ዳሪሙ ሲገቡ ሻሽቱ በልጆቿ ተደግፋ ደጅ ቆማ ነበር። «ኦቦሌቲ ኮ!» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም የተናገሩትን ማንም አልሰማው፤ ተቃቅፈው ለቅሶና ሳቅ ሆነ። መገርሳ መሪው ላይ ተደፍቶ እሱም አለቀሰ። ማንም እንዳላየው ያስባል፤ ልጆቹ ሁሉ አይተውታል።

በማግስቱ ከሰዓት የተፈራው መጣ። ጎረቤት ጤፍ እየወቃ ነበርና የገለባው ብናኝ ግቢውን ሞላው። ገለኔ ደረቷን ያዘች፤ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ያን የቃሬዛውን ቀን ያዩ ሁሉ ተንጫጩ። መገርሳ ደግፎ ወደ ቅጥቅጡ አስገባት፤ ሻሽቱም እየዳኸች ማለት ይቻላል ተከትላ ገባች። ሞተሩ ጠፍቷል። ማሽኑን ሰካው።

ማሽኑ አጉረመረመ። ነጩ ጉም ጭምብሉን ሞላው። ሻሽቱ የእህቷን እጅ ይዛ ትንፋሽ በትንፋሽ አብራት ትስባለች፤ እሷ የሳበችው ለገለኔ የሚደርስ ይመስላል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፉጨቱ እየሰለለ ሄደ። ገለኔ ጭምብሉን አወጣችና «ምነው ሁላችሁ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጣችሁ? ቡና የሚያፈላ የለም?» አለች። ሻሽቱ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ወደቀችና አምላኳን በሁለት ቋንቋ አመሰገነች። ያን ሌሊት እህትማማቾቹ ቅጥቅጡ ውስጥ አብረው ተኙ፤ መገርሳ ሻሽቱ ቤት መደብ ላይ አደረ። ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ በአንዴ ተነሣ።

አጠፋውና ወደ ጉብታው ወጣ፤ በዚያ ቀበሌ ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ለሉባባ ደወለ።

«ሱቅ ውስጥ ማን ማን አለ?»

«ሰፍዋን አለ፤ እትዬ ጥሩአየሁ ሻይ ይዘው መጥተዋል። ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ስፒከር ላይ አድርጊኝ።»

አደረገችው። መገርሳ በበደሌ መናኸሪያ ተሳፋሪ በሚጠራበት ድምፁ ጀመረ። «ስሙኝ! እኔ መገርሳ እዚያች ሱቅ ፊት ቆሜ የጮህኩት በሐሰት ነው። ባትሪው ደኅና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ሽቦዬ። እሷ አትንካ ብላኝ ነበር፤ ነውሬንም ሸፈነችልኝ። ትናንት ገለኔ እዚህ መብራት በሌለበት አገር ታማ በሉባባ እጅ ሥራ ዳነች። ይቅር በይኝ ልጄ። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ። አባትሽን ነፍሱን ይማር፤ አንቺን የመሰለ ትቶልናል።»

 ሰፍዋን ከስልኩ ራቅ ብሎ «ጋሼ መገርሳ፣ አባቴንም ያን ሽቦ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት እኮ!» ሲል ተሰማ፤ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ሉባባ አልሳቀችም። «ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሠራው?» አለች።

«ጠፍቶ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እትዬ ገለኔስ አሁን እንዴት ናቸው?»

መገርሳ ዞር ሲል ገለኔ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያረፈች፣ ብቻዋን ጉብታውን ስትወጣ አያት። ጠብቆ «ይኸው፣ ራሷን ጠይቂያት» ብሎ ስልኩን ሰጣት። መናገር አቅቷት ትንፋሿን እየሰበሰበች ቆየች።

«እትዬ!» አለች ሉባባ ደንግጣ። «ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ደግሞ ተነሣብዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ» አለች ገለኔ እየሳቀች። «ዳገት ወጥቼ ነው።»