ጋሽ ቅሬታ አስጎብኚ ሲመርጥ

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ዕለት፣ የትምህርት ቤቱ ዴስኮች የመጨረሻው ጭነት ከግቢ እንደወጣ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ሴትዮ፣ ከቢሮዋ ወጥታ ሰጋቱራው መሐል ቆመች።

«ሦስት ወር ሙሉ ቀና ሳትሉ ሠርታችኋል» አለች። «ቅዳሜ ሥራ የለም። ሃያ ሁለታችንም ተራራው ፓርክ እንሄዳለን። ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን። ግን ዝም ብሎ መንከራተት አይደለም፣ መንገዱን የሚያውቅ አስጎብኚ ይያዝ። ማን ይምረጥልን?»

«ጋሽ ቅሬታ!» ብሎ ጮኸ መጋዝ።

መጋዝ የሚሉት በመጋዝ ማሽኑ ላይ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም። ሳቁም እንደዚያው ነው፣ አንዴ ከተነሣ ሰው አያስወራም። «እሱ ይምረጥ እንጂ! ሐይቅ ስንሄድ ውኃ በዛ አለን። ፍል ውኃ ስንሄድ ሞቀ አለን። አሁን ራሱ ይምረጥና እኛ ደግሞ በተራችን እናማርር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ቅሬታ ቫርኒሽ ቀቢው ነው። ሃምሳን አልፏል። ስሙን ያወጣለት መጋዝ ነው፤ ስሙም እንደ ኮላ ተጣብቆ ቀረ። አልስቅም፣ አልቆጣም ብሎ ቡሩሹን እያራገፈ ቆመ።

«በል እንግዲህ» አለች እትዬ። «እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ ንገረኝ። ካልሆነ መጋዝ ይመርጣል።»

«እሺ» አለ። እሺ ያለው ወዶ አይደለም፤ መጋዝ ጥርሱን ገልጦ ስላየው ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላስቀምጥ አላስቆም አለው። ብርጭቆ ወረቀት ያነሣል፣ ይጥላል። የቫርኒሹን ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሶፋ የምታለብሰው ሴት ከመርፌዋ ቀና ብላ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ያንን በር ዛሬ ሦስተኛ ጊዜህ ነው የቀባኸው። በሩ ምን አደረገህ?» አለችው።

«ሥራሽን ሥሪ!»

«ኧረ እኔስ እየሠራሁ ነው። እዘንለት ብዬ ነው።»

ቤቱ ሲገባም አልተሻለው። ራት ቀርቦለት ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ አንዴ መስኮት ለመዝጋት፣ አንዴ የዘጋውን ለመክፈት።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ። «ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?»

«ተራራው ልንሄድ ነው። አስጎብኚ እኔ ነኝ የምመርጠው።»

ሚስቱ እጇን ከሣህኑ ሰበሰበች። «ያንን ተራራ?»

«ያንን ተራራ።»

የዚያን ተራራ ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ በሁለት ሚኒባስ ነበር የወጡት። እሱ በፊተኛው መኪና ተሳፍሮ መጋዝ እንጨቱን አጣሞ ነው የሚቆርጠው ብሎ ነገር አነሣ፤ ተሰዳደቡ። መንገድ ላይ ሲቆሙ ወርዶ ወደ ኋለኛው መኪና ተዛወረ፤ እዚያ ደግሞ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ጋር በመስኮት ተጣላ፣ ይከፈት አይከፈት በሚል። ላይ ሲደርሱ አኮረፈ። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ፤ አንዱ መጥቶ እስኪለምነው ይጠብቃል። የመኪና ሞተር ሲነሣ ሰማ። አሁን ይጠሩኛል ብሎ አንገቱን አላዞረም። ሲያዞር አቧራ ብቻ ነበር።

አራት ሰዓት በእግሩ ወረደ። በሩ ላይ ያገኘው የፓርኩ ጥበቃ መዝገቡን ገልጦ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት መኪና ወጣ፣ ሁለት መኪና ወረደ፤ የጎደለ የለም» አለው። የጎደለው ሰው ፊቱ ቆሞ! ድንጋይ የጫነ መኪና ላይ አሳፍሮ ሰደደው።

እዚያ ላይ ያበቃ ቢሆን ባልከፋ። ማግሥቱን ሥራ ሲገባ ግን ማንም ምንም አላለውም። የፊተኛው መኪና ሰዎች በኋለኛው የመጣ መስሏቸዋል፣ የኋለኛው በፊተኛው። «በምን ገባህ?» ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። መጋዝ ብቻ እያለፈ፣ «ትናንት ጥሩ ቀን ነበር፣ አይደል?» አለው። «እጅግ!» ብሎ መለሰና ቂሙን ይዞ ተቀመጠ።

«ለምን አትነግራቸውም?» አለች ሚስቱ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም።

«እነሱ ይጠይቁኝ!»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ አንተ ሰው።»

«መቶም ይሁን።»

«ታዲያ አልሄድም በላቸው።»

«አልሄድም ካልኩማ ያለ እኔ ሄደው ደስ ሊላቸው ነው።»

«ሂድ እንግዲህ።»

«ደግመው ቢረሱኝስ?»

ሚስቱ ሣህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። «የማይረሳህ አስጎብኚ ፈልጋ! መራጩ አንተ አይደለህ?»

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። እሱ ግን ቀጥ ብሎ አያት።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የመጀመሪያው የአስጎብኚዎች ቢሮ ገባ። ግድግዳውን የተራራው ፎቶ ሞልቶታል። ከረቫት ያሰረ ሰውዬ ሻይ አስመጥቶለት ስለ ወፎቹ፣ ስለ ፏፏቴው፣ ሰው ቆሞ ፎቶ ስለሚነሣበት አፋፍ አወራለት። ጋሽ ቅሬታ እስኪጨርስ አልጠበቀም።

«ሰው እንዴት ነው የምትቆጥሩት?»

«ምን አሉኝ?»

«ሰው! የሄደውን ሰው እንዴት ነው የምትቆጥሩት?»

«እ… ጠዋት ስትሳፈሩ እንቆጥራለን።»

«ስንመለስስ?»

«ስትመለሱማ ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩል የለ? ራሱ ይመጣል።»

«ባይመጣስ?»

«ለምን አይመጣም፣ ጋሼ?» አለ ሰውዬው ፈገግ ብሎ።

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ጎዳናው ላይ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ይኼን ሰውዬ ብመርጥስ? ድንጋዩ ጋ ሄጄ ብቀመጥና ደግመው ጥለውኝ ቢሄዱስ? በዚህኛው ጊዜ ዝም አልልም። ሰኞ ጠዋት ሰጋቱራው መሐል ቆሜ በሃያ አንዱም ፊት አፍ አውጥቼ እናገራለሁ። ሐሳቡ ሁለት መንገድ እስኪሻገር ድረስ ጣፈጠው። ሦስተኛው ላይ መረረው። ያንን ቁልቁለት ደግሞ ብቻዬን?

ረቡዕ ሁለተኛው ቢሮ ሄደ። እዚያ ወንበሩ ሁሉ አዲስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ክንዱ ላይ ቁጥር ያለው ማሰሪያ እንደሚያደርጉለት፣ የት እንዳለም ስልክ ላይ እንደሚታይ አስረዱት።

«ስልኩ ተራራው ላይ ይሠራል?»

«አልፎ አልፎ።»

«እኔም አልፎ አልፎ ልረሳ ነዋ!» ብሎ በሩን ገፍቶ ወጣ።

ያን ቀን ማሽን ላይ የነበረው መጋዝ ከሩቅ፣ «እንዴት ነው ጋሼ፣ ተራራው ረዘመብህ? እናሳጥረው?» ሲለው ቡሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት እየደረሰ ነው። ካልመረጠ መጋዝ ይመርጣል። መጋዝ ከመረጠ ደግሞ እሱ አይሄድም፤ አለመሄዱንም የሚያስተውል አይኖርም። ነገሩን ሲያገላብጠው ከሁሉ የከፋበት ይኼኛው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ቢሮ አገኘ። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው፣ የብረት ደረጃ አለው። ወደ ዐርባ የሚጠጋት ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የቦርሳ ማንገቻ በወስፌ ትሰፋለች። ቀና አላለችም።

«ስንት ናችሁ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ጉልበቱን የሚያመው አለ?»

«ኮላ የሚያጣብቀው ሰውዬ ትንሽ ያነክሳል።»

«እንግዲያው የላይኛውን መንገድ እንተወዋለን። በጫካው በኩል ነው የማወጣችሁ።»

እስካሁን ማንም ስለ ሰው ጉልበት አልጠየቀውም ነበር። ጋሽ ቅሬታ ጠጋ አላት። «ሰው… ሰው እንዴት ነው የምትቆጥሪው?»

አሁን ቀና ብላ አየችው። «አልቆጥርም።»

«እንዴት?»

«ቁጥር ያታልላል። የሌላ ቡድን ሰው መሐል ገብቶ ይቆጠራል፣ አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል። እኔ ሰውን ጥንድ ጥንድ ነው የማደርገው። በየማረፊያው እየዞርኩ አንድ በአንድ 'ጥንድህ የት ነው?' እላለሁ። ጥንዱን በጣቱ ማሳየት ያቃተው ሰው ካለ መኪና አይነሣም። ዝናብ ቢወርድም አይነሣም።»

ጋሽ ቅሬታ አጠገቡ ያገኘው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በሦስት ቀን ውስጥ ተረጋግቶ የተቀመጠው ይኼን ጊዜ ብቻ ነው። «አበቃ። አንቺን መርጠናል።»

«ቆይ እንጂ። ጥንዱን እኔ አላጣምርም። በግድ የተጣመረ ሰው ጓደኛውን አይጠብቅም። ራሳችሁ ተመራርጣችሁ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሌላ ቡድንም ለቅዳሜ ጠይቆኛል።» ወስፌዋን ነቅላ አየችው። «የእርስዎ ጥንድ ማነው?»

«አመጣልሻለሁ» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ሲመለስ እየተጎተተ ሄደ። ማን ይወስደኛል? ሶፋ አልባሿ እህት ከምትላት ጋር ናት። ኮላ አጣባቂው ሰውዬ ወንድሙ አለለት። ሌላውን አንድ በአንድ አሰበ፤ እሱ ያልተቀየመው፣ ወይም እሱን ያልተቀየመ ሰው ፈልጎ አጣ። የባለ ከረቫቱ ቢሮ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ገብቶ ቢፈርም ሁሉም ያልቅለታል፤ ማንም ማንን አይመርጥም። እጀታውን ያዘ። ከውስጥ ሰውዬው ፈገግ ሲል በመስታወቱ አየውና ለቀቀው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነገራቸው። የብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ስማቸውን ሊጽፍ እርሳስ አወጣ። ቤቱ ገበያ መሰለ። «አንተ ከኔ ጋር!» «ሂድ፣ አንተ ታንኮራፋለህ!» «የሚኬደው በእግር ነው እንጂ ልንተኛ ነው እንዴ?» እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ጥንዶቹ ስምንት ሞሉ። ዘጠኝ። የጻፈውን ደግሞ ቆጠረ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው መጋዝን በትከሻው አቀፈው። «መጋዝዬ፣ እኔና አንተ ነን።»

«አይ» አለ መጋዝ። «አንተ ከእትዬ ጋር ሁን። እኔ ሰው አለኝ።»

«ማን?»

«ጋሽ ቅሬታ።»

«ጉድ ፈላ!» አለች ሶፋ አልባሿ። «አስጎብኚ ሳይሆን ዳኛ ነው መያዝ የነበረብን!» ሁሉም ሳቀ፤ መጋዝ ግን አልሳቀም። ጋሽ ቅሬታን ያስፈራው ያ ነው። የመጋዝን እጅጌ ይዞ ከተከመረው ጣውላ ኋላ ወሰደው።

«ምን አስበህ ነው? ተራራ ላይ ልታስቅብኝ?»

መጋዝ ከቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ጠረገ። «የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አይቼህ ነበር።»

«የት?»

«ድንጋዩ ጋ። ጀርባህን ሰጥተኸን። ሹፌሩ 'ሁሉም ገብቷል?' ሲል 'እሱ እዚያኛው መኪና ውስጥ ነው' ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳልነበርክ አውቃለሁ።»

ጋሽ ቅሬታ እጅጌውን ለቀቀው።

«ስንወጣ ስለ አቆራረጤ ስትናገር ጨጓራዬን ልጠኸው ነበር። አንዲት መንገድ በሰላም ልግባ ብዬ ነው። ከታች ስንደርስ ሆዴን በላኝ፣ ግን አፌ ተያዘ። ማግሥቱን 'ጥሩ ቀን ነበር አይደል' ያልኩህ እንድትሰድበኝ ነው። 'እጅግ' አልከኝ! ዝም ስትል ፈራሁህ። ይኼን ሁሉ ዓመት የምነካካህ እንድትፈነዳ ብዬ ነው።»

ጋሽ ቅሬታ ጣውላውን ተደገፈ። ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ እየጋለ ወጣ፤ ግን እንደ ድሮው ሆዱ ውስጥ አልተኛም። ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የነሣው ከዚያ ሁሉ ዓይን አንድ እንኳ አላረፈበትም የሚለው ነበር። አርፎበታል ለካ! አውቆ የጣለው ሰው አለ፣ ስምና ፊት ያለው፣ ሰጋቱራ የለበሰ። የተረሳ ሰው ማንን ያንቃል? እሱ አሁን የሚያንቀው ሰው አገኘ።

«አራት ሰዓት ነው በእግሬ የወረድኩት» አለ።

«ይገባኛል።»

«አይገባህም! የግራ ጫማዬ ተረከዝ ወልቆ በካልሲ ነው የሄድኩት! ጥበቃው ሰው አልጎደለም አለኝ፣ እኔን! ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ከተማ የገባሁት፣ ድንጋይ ላይ!» ጣቱን መጋዝ ደረት ላይ እየተከለ ተናገረ። ድምፁ አደገ። ሁሉም ይሰማል፤ ይስማ! ሶፋ አልባሿ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጋዝ አንድም ቀልድ አልወረወረም።

«ስድስት ሊሆን ነው» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

ጋሽ ቅሬታ ትንፋሹን ሰበሰበ። እርሳሱን አንሥቶ ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ጻፈ፤ በጣም ስለተጫነው ወረቀቱ ተበሳ።

«በየማረፊያው የምትጠየቀው አንተ ነህ።»

«እሺ።»

«ሽንት ቤት ብገባም በር ላይ ትቆማለህ።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«ይቅር አላልኩህም።»

«ገና መቼ ጠየቅኩህ? ቅዳሜ ዳገቱ ላይ እጠይቅሃለሁ፣ ትንፋሽ አጥሮህ መሳደብ ሲያቅትህ።»

ጋሽ ቅሬታ አስጎብኚዋን ለእትዬ ነግሮ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሩጫ በሚመስል እርምጃ ሄደ። የብረት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችና የተበሳው ላይ ቆመች።

«የእርስዎ ጥንድ ይኼ ነው? ያምኑታል?»

«አላምነውም» አለ ጋሽ ቅሬታ። «ግን ዓይኑን ከእኔ አያነሣም። ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ እዚሁ በር ላይ።»

«ዐሥራ ሁለት። ከጠዋቱ?»

«ከጠዋቱ።»

ደረጃውን እስከ ግማሽ ድረስ ወረደና ተመልሶ ወጣ። «እዚሁ በር ላይ አልሽ አይደል?»