የዳኜ ክላክስ

ሱሉልታ ውርጭ ባደረ ቁጥር የዳኜ አሮጌ ካሚዮን አልነሳም ይላል። በጣሊያን ጊዜ የመጣ ባለ ስድስት ቮልት ነውና ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ያቃስትና ጸጥ ነው። ያን ጊዜ ዳኜ ክላክሱን ይነካዋል። ክላክሱ እንደ ታመመ ፍየል ሲያላዝን የሰፈሩ ሰው፣ እግዜር ይስጠውና፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ ሊገፋ ይወጣል። ሽማግሌው ኦቦ ሁንዴ ሁልጊዜ ቀዳሚ ናቸው።

በመጨረሻ ቡራዩ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ውብአየሁ ባትሪውን፣ ዲናሞውንና አምፖሎቹን ለውጦ አሥራ ሁለት ቮልት አደረገለት። ሞተሪኖውንና ክላክሱን ግን "እነዚህስ አሥራ ሁለቱንም ይችሉታል" ብሎ የድሮዎቹን ተዋቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ዳኜ ጭድ ጭኖ መሪው ላይ ተቀመጠ። ልማድ መቼ ይለቃል! ሞተሩን ሳይሞክር ክላክሱን ነካው። ክላክሱ እንደ ኮርማ አገሣ። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው ሮጦ መጥቶ ከኋላ ተደረደረ። ዳኜ ሞተሪኖውን ገና ሲነካው ካሚዮኑ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ፤ ኦቦ ሁንዴ በጉልበታቸው ጭቃ ላይ ወደቁ።

ዳኜ አቁሞ እየሮጠ ወረደ። "ይቅር በሉኝ ኦቦ! ለካ ከእንግዲህ መግፋት አያሻውም።"

"እኛንስ ከእንግዲህ አትጠራንም ማለት ነው?" አሉ ሽማግሌው፣ ጭቃቸውን እያራገፉ።

ዳኜ የጋቢናውን በር ከፈተ፤ መርገጫው ለሽማግሌ ከፍ ይላል። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከሥራቸው ሰጠና፣

"ዛሬ ገፊው እኔ ነኝ፤ ጋቢና ውጡ" አላቸው።