ሁለት ካርድ በአንድ ክር

«ይህ ክር ምን ማለት ነው?»

ቦጋለች መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እርጥብ እጇን በሽርጧ አደራረቀች። በፍቃዱ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የያዛቸው ሁለት የሕሙማን ካርዶች ነበሩ፤ አንዱ ከማርጀቱ የተነሣ ጠርዙ የሳሳ፣ ሌላው ገና ያልተጨማደደ። ሁለቱም ጥጋቸው ላይ ተበስተው በቀይ ክር ተያይዘዋል። ክሩ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለት የተመዘዘ ነው።

«ካርድ ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የታሰሩ ሠላሳ ስምንት ጥንዶች አገኘሁ» አለ በፍቃዱ። «ስማቸው አይገጥም፤ የአባት ስማቸው አይገጥም፤ ዕድሜያቸውም አይገጥም። እርስዎ ነዎት ያሰሩት አሉኝ፣ እናቴ።»

«እንግዲህ…» አለች ቦጋለች።

በፍቃዱ ኮምፒውተር የተማረ የደሴ ሰው ነው። ክሊኒኩ መካነ ሰላም ካለው ዋና ቤቱ ሌላ ደጎሎና አጅባር ላይ ቅርንጫፎች አሉት። ሦስቱም ሕመምተኞቻቸውን በየራሳቸው መንገድ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ መካነ ሰላም በካርድ፣ ደጎሎ በኮምፒውተር፣ አጅባር በትልልቅ መዝገብ። አሁን ሁሉም ወደ አንድ ሥርዓት ሊገባ ነው። በፍቃዱና የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ፈይዛ ሳምንቱን ሙሉ የስብሰባ ክፍሉን ግድግዳ በነጭ ወረቀት ሸፍነው ሲያቅዱ ሰነበቱ። በግራ በኩል ሦስቱ ቤቶች የሚመዘግቡት ነገር በሳጥን በሳጥን ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል የአዲሱ ሥርዓት ሳጥኖች አሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ መሥመር ይሰመራል። በፍቃዱ ይህን «የመረጃ ካርታ» ሲለው ቦጋለች የመሬት ካርታ መስሏት «የማን ይዞታ ነው?» ብላ ጠይቃ፣ ሲስተር ፈይዛ ሆዷን ይዛ ስቃለች።

ብዙ ነገር ተስተካክሎ ነበር። የደጎሎው ኮምፒውተር የልደት ዘመንን የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ መሥመሩ እንዲሁ ቢሰመር የደጎሎ ሰው ሁሉ በአንድ ጀምበር ሰባት ስምንት ዓመት ከዕድሜው ይቀነስለት ነበር። «እኔንም ደጎሎ መዝግቡኝ» ብላ ቀልዳ ሲስተር ፈይዛ፣ መሥመሩ እንዲታረም አደረገች። አጅባር ላይ ልደቱን የማያውቅ ሁሉ መስከረም አንድ ቀን ተወልዷል ተብሎ ተጽፏል፤ ለዚያም መላ ተገኘለት። ሳጥን ያልተገኘለት ክሩ ብቻ ነው።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለ በፍቃዱ ወደ ሲስተር ፈይዛ ዞሮ። «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን። አራቱ ከገጠሙ አንድ ሰው ነው፤ ካልገጠሙ ሁለት ሰው። እነዚህን ፈትተን ለየብቻ እናስገባቸዋለን። ዛሬ ካልጨረስን ሰኞ ሥራ መጀመር አንችልም።»

መቀሱን ከጠረጴዛው አነሣ።

ቦጋለች ክሊኒኩ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ካርድ ከመደርደሪያ አውጥታ ለሐኪም ታደርሳለች። ከአሥራ አንዱ አሥሩን ዓመት ፊደል አልቆጠረችም። ካርዶቹን የምታውቃቸው ሰው በሚታወቅበት መንገድ ነበር፤ ይኼ ዘይት የነካው፣ ያ ጥጉ የታጠፈ፣ ያኛው ሕፃን የሞነጫጨረው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ በመስኮቱ ቆማ በፓስፖርት ስሟ አዲስ ካርድ ስታወጣ፣ ቦጋለች ፊቷን ታያለች። ታውቃታለች። ደላላው ስሟን ቢቀይረው፣ ዕድሜዋን ቢያስረዝመው፣ አባቷን በሌላ አባት ቢተካው፣ ልጅቱ ያው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት በእናቷ ጀርባ የመጣችው ናት። ቦጋለች ወደ ውስጥ ገብታ የድሮውን ካርድ ትፈልግና ከአዲሱ ጋር ታስረዋለች። ሐኪሙ ሁለቱንም ያያል። ማንም ምንም አይጠይቅም። ልጅቱ ብቻ በኮሪደሩ ስታልፍ እጇን ጨበጥ አድርጋት ትሄዳለች።

አምና በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከሰዓት በኋላ እየሄደች ማንበብ ለመደች። ካርድ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ አሟልታ ያነበበችው የገዛ ልጇን ጥንድ ነበር። የሻለም አራጋው፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት። ሀጀራ አዩብ፣ ዕድሜ ሃያ ሰባት። አራጋው የሞተ ባሏ ነው። አዩብ የሚባል ሰው አታውቅም።

«ቆይ ልጄ» አለች።

መቀሱ ክሩ ላይ ቆመ።

«አንድ ሰው ናቸው። የታሰሩት ሁሉ። የቤት ስሟና የፓስፖርት ስሟ ነው። አስቻለችን አስታውሱ። ባለፈው የካቲት በዓረብ ስሟ መጣች። መርፌ የማይስማማት መሆኑ የተጻፈው በድሮው ካርድ ነው። ክሩ ባይኖር ወግታችሁ ትገድሏት ነበር።»

ሲስተር ፈይዛ ብዕሯን አስቀመጠች። ወደዚህ ቤት ከተዛወረች ገና ዓመቷ ነው። «ወላሂ!» አለች ቀስ ብላ። «አስቻለችን እኔ ነኝ ያከምኳት። ሁለቱን ካርድ ሐኪም ያሰረው መስሎኝ ነበር። እትዬ ቦጋለች፣ አንቱ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዎን?»

የበፍቃዱ ፊት በራ። ወደ ግድግዳው ሄዶ በቀኝ በኩል አዲስ ሳጥን ሠራ፤ በላዩም «ሌላ ስም» ብሎ ጻፈ። «እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው። ሠላሳ ስምንቱንም አሁኑኑ አገናኛቸዋለሁ።»

«ልጆቹ ሳይጠየቁ?» አለች ቦጋለች።

«ለእነሱ እኮ ነው የሚጠቅመው፣ እናቴ።»

«እኔ ሳስር የሚያየው እዚህ ያለ ሐኪም ነው። ያንተ ግን ደጎሎም አጅባርም ይታያል። ደሴም ይታያል። እነሱ ዝም ያሉት እኔን አምነው ነው።» ወደ ታሰሩት ካርዶች ጠቆመች። «ትጠየቅ። ነኝ ካለች አገናኝ። አይደለሁም ካለች ተዋት።»

በፍቃዱ ሲስተር ፈይዛን አየ። ሲስተር ፈይዛ ራሷን ነቀነቀች። «ትክክል ናቸው። እንደዚያ ይጻፍ። የባለቤቷ ቃል ካልተገኘ ሁለት ሆነው ይቀራሉ።»

በፍቃዱ ከግራ ወደ «ሌላ ስም» የሚሄደውን መሥመር ሙሉ ሳያደርግ በነጥብ በነጥብ ሠራው። ከሥሩ «በፈቃድ ብቻ» ብሎ ጻፈበት። ቦጋለች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ አነበበችው። ልቧ ሞቀ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላትና የሞቀው ቀዘቀዘ። ልጇ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጤና ማስረጃ ልትወስድ ትመጣለች።

የሻለምን ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። መጀመሪያ የጣላት ከክፍል ጓደኞቿ ፊት ነበር። ክኒኑን ከወሰደች ሳይጥላት ወራት ያልፋሉ፤ ካቋረጠች በሳምንቱ ይመጣባታል። ይህ ሁሉ በድሮው ካርድ ላይ ተጽፏል። በሀጀራ ካርድ ላይ ያለው ጉንፋን ብቻ ነው። ሀጀራ ሆና ጅዳ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ክኒኑ ባለቀባት ሰሞን ምድጃ አጠገብ ወድቃ ዘይቱ ክንዷን ልጦት ተመለሰች። አሁን ደግሞ ልትሄድ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ቦጋለች ወደ ሥራ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ተጨቃጭቀው ነበር።

«እዚህ እኮ የምትወድቀዋ ልጅ ነኝ፣ እማ። ገበያ ስወጣ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ሠርግ ቤት ውስጥ እንኳ ከእሳት ራቂ እያሉ እንደ ሕፃን ይይዙኛል። እዚያ ሀጀራ ነኝ። ሀጀራ ወድቃ አታውቅም።»

«ክንድሽሳ?»

«እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጣች። ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ፣ ፓስፖርቷን በእጇ ይዛ የስብሰባ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ክኒኑን ሁልጊዜ የምትወስድላት እናቷ ስለሆነች ሲስተር ፈይዛ ከዚህ ቀደም አይታት አታውቅም።

«ሀጀራ አዩብ» አለ በፍቃዱ ፓስፖርቱን እያነበበ። ጥንዶቹን አገላብጦ አገኛትና ደስ አለው። «ይኸው፣ የመጀመሪያዋ! እኅቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልሱ ለማንም አይነገርም። የሻለም አራጋው የምትባለዋ አንቺ ነሽ?»

ልጅቱ ካርዶቹን አየች። ክሩን አየች። ከዚያ ባልዲ ይዛ ጥግ የቆመችውን እናቷን አየች።

«አላውቃትም» አለች።

በፍቃዱ ግራ ገባው። «እርግጠኛ ነሽ? ካርዱ ላይ…»

«አላውቃትም አልኩህ እኮ። ስም አይመሳሰልም እንዴ?»

«አይመሳሰልም እኮ» አለ በፍቃዱ፤ ወደ ቦጋለች ዞረ። «እናቴ፣ ያሰሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ናት ወይስ ሁለት?»

ከውጭ የመነኻሪያው ረዳት «ደጎሎ! ደጎሎ!» ሲል ይሰማል። ቦጋለች የባልዲውን እጀታ አጥብቃ ያዘች። አንድ ናት ብትል ልጇ ትቀራለች። ሲስተር ፈይዛ የሚጥላትን ልጅ ጤነኛ ናት ብላ አትፈርምም። ትቀራለች፤ ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ ስትወድቅ የሚያነሣት ሰው አጠገቧ ይኖራል። ሁለት ናት ብትል የሚሆነውንም ታውቀዋለች። የጋለ ዘይት፣ የማታውቀው ቤት፣ ስሟን የማያውቅ ሰው። ግን ጠዋት «ትጠየቅ» ያለችው እሷው ናት። ለሠላሳ ሰባቱ የሰው ልጆች የሰጠችውን ቃል ለራሷ ልጅ ሲሆን ልትበላው ነው?

የልጇ ዐይኖች እንባ አልያዙም። ይለምናሉ ብቻ።

«የተጠየቀችው እሷ ናት» አለች ቦጋለች። «ያለችው ይጻፍ።»

በፍቃዱ ትከሻውን ሰብቆ ክሩን ቆረጠው።

ሲስተር ፈይዛ የሀጀራን ካርድ ብቻ ወስዳ ልጅቱን ወደ ምርመራ ክፍል አስገባቻት። ደም ግፊቷን ለካች፣ ሳንባዋን አዳመጠች። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ቦጋለች የመጨረሻውን ጥያቄ ሰማችው።

«ራስሽን ስተሽ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ሲስተር ፈይዛ ስትወጣ ልጅቱንና ቦጋለችን አፈራርቃ አየች፤ ግንባራቸው አንድ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ነጠብጣብ መሥመር ተመለከተችና ማኅተሙን አነሣች። ስታልፍ የቦጋለችን ትከሻ ነካ አድርጋ «አብሽሩ፣ አይዞዎት» አለቻት።

ልጇ የክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ተቆጣሽ?»

ቦጋለች ከትምህርት ደብተሯ የተገነጠለ ወረቀት ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ምርመራው እንደተጀመረ የድሮውን ካርድ ይዛ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ቆማ የጻፈችው ነው። የክኒኑን ስም ከድሮው ካርድ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጣዋለች፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ እሳት አጠገብ ብቻዋን አትተዉአት።

ልጅቱ አነበበችው። «"እሳት"ን በዓይኑ "ዕ" ጻፍሽው» አለች፤ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «እማዬ፣ እዚያ ይህን ማን ያነበዋል?»

«አንቺ» አለች ቦጋለች።

ወረቀቱ ታጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ገባ። ቁልቁል ወደ መነኻሪያው ጎን ለጎን ሄዱ፤ ቦጋለች ሥራዋን ጥላ መውጣቷ ትዝ ሲላት ከመንገድ ተመለሰች።

በፍቃዱ ዕቅዱን ጨርሶ በማግስቱ ወደ ደሴ ሄደ። ሥራው ሰኞ ተጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ተጠየቁ። ሠላሳ አንዱ «እኔ ነኝ» አሉ። አራቱ ዳግመኛ ወደ ዓረብ አገር ስለሄዱ አልተገኙም። ሦስቱ አላውቃትም አሉ።

አዲሱ ሥርዓት የወር መድኃኒታቸውን ያልወሰዱ ሰዎችን ዝርዝር በራሱ ያወጣል። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ሲስተር ፈይዛ አትማ ለቦጋለች ትሰጣታለች፤ ማንበብ ስለምትችልና ሰዉን ስለምታውቅ ቤት ለቤት እየሄደች የምታስታውሰው እሷ ናት። በጥቅምት ዝርዝር አምስተኛው ተራ ላይ የሻለም አራጋው አለች። በኅዳርም አለች። ቦጋለች በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው ታነበዋለች። «አድራሻ፦ መካነ ሰላም።»

ሀጀራ አዩብ በመስከረም ሃያ ዘጠኝ ሄደች። ቦጋለችና የሻለም አራጋው ቀሩ።